ዋስና ቁራኛ፦ ከዱሮው ችሎት እስከ ሰፈራችን ክርክር



ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ሪፖርቱም፣ ከድንኳኑ ማሳደሻ ገንዘብም፣ ከወንበሩ ግዢም ይበልጥ ብዙ ሰዓት የወሰደብን አንድ ነገር ነበር። በአጀንዳው ላይ አልተጻፈም። እንደምታስታውሱት ከወደ ኋላ በኩል አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አቶ ሊቀመንበር፣ ልጄን የአልጋ ቁራኛ ያደረገው ልጅ ጠዋት ማታ በደጄ ያልፋል። ዋስ የሆኑለትም እነሆ እዚሁ ተቀምጠዋል። እንግዲህ እኔ በዚህ ዕድር ውስጥ ምን ቀረኝ?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

ግማሹ «ሰው ደብድቦ፣ ሰው ወግቶ የተያዘ ሁሉ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ ዋስ የሚባል ነገር ሊፈቀድለት አይገባም፤ ሕጉ ይጥበቅ፤ ዕድሮች ተሰባስበን ለመንግሥት እንጻፍ» አለ። ግማሹ ደግሞ «ነግ በኔ ነው፤ ልጅህ በሐሰት ተከሶ ቢታሰርስ?» አለ። የሚያስገርመው ሁለቱም ወገኖች የሚጠሩት ምስክር አንድ መሆኑ ነው፤ «ዱሮ» የሚባለው ዘመን። አንዱ «ዱሮ ቢሆን በሰንሰለት ነበር የሚታሰረው» ሲል ሌላው «ዱሮማ ዋስ የጠራ ሰው አይታሰርም ነበር» ይላል። ስለሆነም እኛ የጽሑፍ ኮሚቴው አባሎች የዱሮውን ነገር አጣርተን በዚህ መጽሔት እንድናወጣ አደራ ተሰጠን። አደራ ደግሞ ዕዳ ነውና እነሆ።

በቅድሚያ ነገሩን ለማያውቁ አዳዲስ አባሎች ባጭሩ እንናገር። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ በዓል ማግሥት ምሽት ሁለት የሰፈራችን ወጣቶች በመጠጥ ቤት በር ላይ ተጣሉ። ሁለቱም የአባሎቻችን ልጆች ናቸው። ሐዘን በደረሰ ቁጥር ድንኳን ሲተከል አንዱ ገመድ ሲስብ ሌላው ካስማ ሲመታ የኖሩ ልጆች። አንደኛው ሌላውን በብረት ዘንግ ጭንቅላቱን መታው። የተመታው ልጅ አሥራ አንድ ቀን ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ተኛ። በነዚያ ቀናት መቺው ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ ዋስትናም አልተፈቀደለትም። ከዚያ ሐኪሙ ታማሚው ከሞት አደጋ መውጣቱን የሚገልጽ ወረቀት ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ መቺው በዋስ ወጣ። የተመታው ልጅ ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

እንግዲህ ወደ ዱሮው እንሂድ።

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ሙግት ያለ ዋስ አይጀመርም ነበር። ተበዳይ በዳዩን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በሕግ አምላክ!» ወይም «በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል። በዚህ ቃል የተጠራ ሰው ጥሎ ቢሄድ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። አላፊ አግዳሚ የሆነ፣ ዕድሜና ወግ ያለው ሰው «የመንገድ ዳኛ» ሆኖ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ነገሩን ይሰማል። ነገሩ ከከበደ ወደ ሹሙ፣ ከዚያም በላይ ወደ ከፍተኛው ችሎት ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ተሟጋቾቹ «ዋስ ጥራ» ይባላሉ። ዋስ ማለት በቀጠሮው ቀን ሰውየውን የሚያቀርብ፣ ካላቀረበ ከራሱ ከብት፣ ከራሱ እህል የሚከፍል ሰው ነው። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ሰዉ በፊት ለፊቱ ሰምቷል፤ ዋሱም ስሙን አስይዟል። ስሙን ያጣ ሰው ደግሞ ነገ ለራሱ ጉዳይ ዋስ ቢጠራ ማን ይመጣለታል?

ስለዚህ «ዱሮ ዋስ የጠራ አይታሰርም» ያሉት አባላችን ተሳስተዋል አንልም። ግን «ዋስ የጠራ» የምትለዋን ልብ እንበል። ዋስ መጥራት ማለት ሠፈሩ «ይህን ሰው እናውቀዋለን» ማለቱ ነበር። አገር የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ ወይም ዘመዱ ራሱ የሠጋው ሰው ዋስ አያገኝም። ዋስ ያጣ ደግሞ ዕጣው ቁራኛ ነበር።

ስለ ቁራኛ ልጆቻችን ስለማያውቁት ትንሽ እንዘርዝር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለ ዕዳና አበዳሪ፣ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሠራሉ። ነገሩ ቀለል ሲል ወይም ሰንሰለት ባልተገኘ ጊዜ የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱና ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይተኛሉ። አንዱ ሲያስለው ሌላው ይነቃል። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች በጎዳናው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው የተቆራኙ ሰዎችን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ፈረንጆቹ የሳቁበትን ያህል የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። መንግሥቱ እንደ ልብ የሚሆን እሥር ቤትና የሚቀልበው እሥረኛ የማኖር ዐቅም አልነበረውም፤ ጠባቂው ራሱ ከሳሹ ሆነ ማለት ነው።

በነፍስ ጉዳይ ከሳሹ የሟች ዘመድ ነበርና የቁራኛው ነገር እዚህ ላይ እጅግ ይከብዳል። የወንድምህን ገዳይ ይዘህ በሰንሰለት ቀናት መንገድ መሄድ! ዛሬ ሲያስቡት ይዘገንናል። ግን በዚያ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ነገር ነበር፦ ተጠርጣሪው ነፃ ሆኖ ሲንጎራደድ ተበዳዩ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሁለቱም እኩል ታሥረዋል። ቋንቋችን ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። በሽተኛን «የአልጋ ቁራኛ» እንላለን፤ የምንጠረጥረውን ሰው «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» እንላለን። እናታችን በጉባኤው ላይ የተናገሩትን ስንሰማ ይኸው ነው ትዝ ያለን። ልጃቸው በአልጋው ተቆራኝቷል፤ ያኛውን በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቅ ግን አልተገኘም።

ዱሮ ሁሉ መልካም ነበር እንዳይባል ደግሞ አፈርሳታን፣ ባንዳንድ አገር አውጫጭኝ የሚባለውን፣ እናስታውስ። ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ሠሪው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ «አውጣ» ይባላል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያም በላይ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ የቀረም ይቀጣል። ጥፋተኛ አንድ፣ የታገተው አገር ነው። አዝመራ በደረሰበት ወራት የዚህ ዓይነት ስብሰባ ምን ያህል ዝርፊያ እንደነበር ገበሬ የነበሩ አባቶቻችን ያውቁታል።

የደም ነገር በዳኛ ብቻ አያልቅም ነበር። ገዳይ በሞት ቢፈረድበትም ወይም የደም ዋጋ ቢከፈል፣ ኦሮሞው ጉማ እንደሚለው፣ በመካከሉ ሽማግሌ ይገባል። በሰሜኑ አገር «ደም አድራቂ» የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። እርቁ እስኪፈጸም ድረስ የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር በአንድ መንገድ አይተላለፍም፤ በአንድ ገበያ አይገናኝም፤ ብዙ ጊዜም ገዳዩ አገሩን ለቆ ይሄዳል። ይህን ልማድ አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ መንግሥት ዳኝነቱን ቀስ በቀስ ከሰፈርና ከመንገድ እየወሰደ ወደ መሥሪያ ቤት አስገባው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱ ሥራ በአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሥር ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ጣልያን ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተቋቋሙ። በ1949 ዓ.ም. የስዊስ አገሩ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። ስለ ዋስ ከሆነ ግን ዋናው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ለስድሳ ዓመታት ዳኞች፣ ፖሊሶችና ጠበቆች ስለ ዋስ የተነጋገሩት በዚህ ሕግ ቃል ስለሆነ እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

አንቀጽ 63 እንዲህ ሲል መንገዱን ይከፍታል። የተያዘው ሰው የተጠረጠረበት ወንጀል የሞት ቅጣት ወይም አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ እንዲሁም የተጎዳው ሰው በጉዳቱ ይሞታል ተብሎ የማይታሰብ ከሆነ፣ በዋስ ሊለቀቅ ይችላል። ይህችን ሁለተኛዋን ቃል ስናነባት ብዙዎቻችን ደነገጥን። ሕጉ በቁስለኛው አልጋ አጠገብ ይቆማል ማለት እኮ ነው። ቁስለኛው በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ ተጠርጣሪው አይወጣም። የሰፈራችን ልጅ አሥራ አንድ ቀን ራሱን ሳያውቅ ሲተኛ ያኛው ጣቢያ የቆየው፣ የሐኪሙ ወረቀት ሲመጣ ደግሞ በሩ የተከፈተው በዚሁ ምክንያት ነበር። ብዙዎቻችን ግን «ገንዘብ ሠርቶ ነው» ብለን አምተናል። ሐሜታችንን እዚህ ላይ እንመልሳለን።

አንቀጽ 67 ደግሞ ዋስትና የሚከለከልበትን ሦስት ምክንያት ይሰጣል። የዋስትናውን ግዴታ አክብሮ ይቀርባል ተብሎ ካልታመነ፤ ወጥቶ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ከታሰበ፤ ምስክሮችን ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ከተፈራ። የዋስትናው መጠን ሲወሰንም ዳኛው የክሱን ክብደት፣ ሰውየው የመቅረቡን ተስፋ፣ በሕዝብ ጸጥታ ላይ የሚያስከትለውን አደጋና የተከሳሹንና የዋሶቹን ሀብት እንዲመለከት ታዟል። አንቀጽ 74 እንዲሁ ዋስ ከተፈቀደ በኋላ ቀድሞ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና አይቶ ሌላ ዋስ እንዲጠራ ወይም ሰውየው ወደ እሥር ቤት እንዲመለስ ለማዘዝ ያስችለዋል። ዋሱም ቢሆን ነገሩ አላምር ሲለው «ከዋስነቱ አውርዱኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ይህን ሁሉ ያየ «ሕጉ ልል ነው» ለማለት ይቸግረዋል።

ልል የሆነው ዋሱ ራሱ ነው። ከ1954ቱ ሕግ ወዲህ ዋስ ማለት እየዋለ እያደረ ገንዘብ ማለት ሆነ። ዋስ የሚሆን ሰው ሲፈለግ የሚጠየቀው «ሰውየውን ታውቀዋለህ? ትጠብቀዋለህ?» ተብሎ አይደለም። የቤት ካርታ አለህ? የመኪና ሊብሬ? ከመሥሪያ ቤትህ የደመወዝ ደብዳቤ? ይኸው ነው። ሀብታሙ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ይወጣል። ድኻው ዋስ አጥቶ፣ ቀላል በሆነ ክስ እንኳ፣ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስበት ወራት ይቆያል። ሁለቱም ካልተፈረደባቸው እኩል ንጹሕ ናቸው ይላል ሕጉ።

ስለ ደርግ ዘመን ብዙ አንልም፤ ዋስ የሚባል ቃል የረባበት ዘመን አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ እንዲኖራቸው ታወጀ፤ ለጥቃቅን የሰፈር ጉዳይ ይህ ጥሩ አሳብ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ቀበሌው ከሳሽም፣ አሣሪም፣ ገዳይም የሆነበት ጊዜ መጣ። እሥር ቤት ስንቅ ይዛ የሄደች እናት «ከእንግዲህ አታምጪ» ስትባል ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። ለቅሶ ተከልክሎ፣ ድንኳን ሳይተከል የቀረላቸው ልጆች ነበሩ። ይህን ለዕድርተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ዳኛ ሳያይ ሰው ማሠር የተለመደ ጊዜ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያየን ሰዎች ስለሆንን ብቻ ነው ያነሣነው።

ከዚያ በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በዋስ የመፈታትም መብት እንዲኖረው፣ ሕግ በደነገገው ልዩ ሁኔታ ግን ፍርድ ቤት ዋስ ሊከለክል ወይም በቂ ዋስትና ሊጠይቅ እንደሚችል ደነገገ። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር አዘዘ። እንግዲህ የክርክሩ ሁሉ ሥር ያለው «ልዩ ሁኔታ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ልዩ ሁኔታው ማን ነው? ማን ይወስነዋል?

ይህን ጥያቄ አገሪቱ በ1993 ዓ.ም. በይፋ አየችው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲያዙ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ወዲያው አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣና በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም ተባለ። ስለ ሰውየው ጥፋት የሚለው ያለ ይበል፤ እኛ የምናየው የሕጉን አወጣጥ ነው። ዳኛ አንድን ሰው ስለፈታ ሕግ ለሁሉ ተለወጠ። በ1997 ዓ.ም. ይኸው ነገር ተሻሽሎ ከአሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጣ የሙስና ወንጀል ብቻ ዋስትና የሚከለከል ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር አባላችን በጉባኤው ላይ የተናገሩትን መድገም ይገባል። «የመንግሥት ገንዘብ ሲነካ መስመሩ አሥር ዓመት ነው፤ የሰው ደም ሲፈስ አሥራ አምስት። ለየትኛው ነው የምንሳሳው?» ብለዋል። ሳቅም ጭብጨባም ነበር። በእውነትም በወንጀል ሕጉ ከባድ የአካል ጉዳት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት፣ አለዚያም ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እሥራት የሚያስቀጣ ነው። ጣሪያው አሥራ አምስት፣ ወለሉ አንድ። ሰው ሽባ ያደረገ መቺ ለዋስትና ሲመጣ ጠበቃው ወለሉን ያሳያል፤ ዐቃቤ ሕጉ ጣሪያውን።

ሌሎችም አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 384/1996፣ በቦዘኔነት የተጠረጠረ ሰው ዋስ እንዳይፈቀድለት አደረገ። ሲወጣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር፤ አንዋሽም። ማታ ማታ በየጥጉ የሚዘርፉ ልጆች አስመርረውን ነበርና። ነገር ግን ሥራ ያጣ ልጅ ሁሉ ለዚያ ስም ቅርብ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በምርጫው ግርግር «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለው ስም ለስንቱ የሰፈር ልጅ እንደተሰጠ እናቶች ያውቃሉ። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር ሕግም እንዲሁ ክስ ለተመሠረተበት ሰው ዋስትናን ዘጋ፤ ጋዜጠኛውም ተቃዋሚውም ገባበት። በ2012 ዓ.ም. ያ ሕግ በሌላ ተተካ።

ስለዚህ «ሕጉ ይጥበቅ፤ ዳኛ እንዳያመዛዝን ይደረግ» ለሚሉት አባሎቻችን የታሪኩ መልስ ደስ የሚል አይደለም። በኛ ዕድሜ ዋስትና በጅምላ የተዘጋበት ሕግ ሁሉ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ክፉ ጊዜ ምክንያት ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ግን የመጣውን ሁሉ ያዘ። ሰፈር ውስጥ በግድግዳ፣ በውሃ መውረጃ፣ በውርስ ተጣልቶ «ደበደበኝ» ብሎ የሚከስ እንዳለ እኛው ሽማግሌዎቹ እናውቃለን። እንዲህ ያለው ክስ ዳኛ ሳያመዛዝን በቀጥታ እሥር ቢያስከትል ከዱላ የከፋ መሣሪያ ይሆናል።

ይህን ብለን ግን እናታችንን «ዝም ይበሉ» አንላቸውም። ያሉት እውነት ነው። ልጁ በዋስ ከወጣ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ እንጻፈው፤ ያሳፍራል፣ ቢሆንም እንጻፈው። ከወጣ በሳምንቱ ወንድሞቹ የምስክሮቹን በር አንኳኩ። ለአንዱ «አይተሃል እንዴ? ጨለማ አልነበረም?» አሉት። ለሌላዋ፣ ሻይ የምትሸጥ ልጅ፣ «ንግድሽ ይበጅሽ» ብለዋት ሄዱ። ይህን ቢያንስ ሰባት የዕድራችን ሰዎች ሰምተናል። ከኛ መካከል ለዐቃቤ ሕግ የነገረ አንድ ሰው አልነበረም። «በሁለት ጎረቤት መካከል አልገባም» አልን። የልጁ ዋሶችም፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ፊርማቸውን አኑረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ዋስነታቸው የሚያልቀው ልጁን ቀጠሮ ቀን በማቅረብ መሰላቸው። አይፈረድባቸውም፤ ካርታቸውን እንጂ ሌላ የጠየቃቸው አልነበረም።

ታዲያ የ1954ቱ ሕግ ምስክር የሚያባብለውን ለመከልከል ሙሉ ሥልጣን ለዳኛው ሰጥቷል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በከባድ ወንጀል የሚመሰክሩ ሰዎች የሚጠበቁበት አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። ዳኛው ግን በሰፈራችን አይኖርም። ዋስትና ሲጠየቅ ሕጉ አስተያየት የሚጠይቀው ዐቃቤ ሕጉን ወይም መርማሪውን ፖሊስ ነው። እነሱም ካልነገርናቸው አያውቁም። ዱሮ ዋስ ሲጠራ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ይሰማ፣ ይቃወምም ነበር። ዛሬ ሰፈሩ ችሎት ውስጥ የለም፤ የሚናገረው በለቅሶ ቤት ነው።

በጉባኤው ማግሥት ክርክሩ በጩኸት ስላለቀ አምስት ሰዎች ተመርጠን ሁለቱንም ቤተሰብ አነጋገርን። የመቺው አባት መጀመሪያ ተቆጡ። «ልጄ ተፈርዶበታል እንዴ?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በኋላ ግን ስለ ወንድሞቹ ስንነግራቸው አንገታቸውን ደፉ፤ አልሰሙም ነበር። ከመካከላችን አንድ በፖሊስ ሠራዊት ያገለገሉ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ያመጡት አሳብ ነው መንገድ ያሳየን። «ይህ ልጅ እዚህ ሰፈር እስከዋለ ድረስ ነገሩ አይበርድም» አሉ። «ለተመታው ብቻ አይደለም፤ ለራሱም ነው። የተመታው ልጅ ታናሽ ወንድም አለው። ዱላ ማንሣት የሚችል ነው።» ስለ ደም አድራቂዎቹ ቀደም ብለን የጻፍነው ለዚህ ነበር። አባቶቻችን የተጣላን ወገን የሚያራርቁት ለቅጣት ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛ ሬሳ እንዳይመጣ ነው። ዋስትና ይጥበቅ የሚሉትም፣ ይላላ የሚሉትም ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ሦስታችን ወደ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሄደን የሰማነውን በስማችን ፈርመን ሰጠን። እጃችን አልተንቀጠቀጠም ማለት አንችልም። ሻይ ሻጯ ልጅ ደግሞ እኛን አይታ መጣች። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና አየው። ከቀድሞዎቹ ዋሶች አንዱ በራሳቸው ጥያቄ ወረዱ። ሌላ አዲስ ዋስ ተጠራ፤ በከተማው ሌላ ጫፍ የሚኖሩት የልጁ አጎት። እሳቸው ልጁን ይዘውት ሄዱ፤ እስከ ፍርዱ ቀን ድረስ እሳቸው ዘንድ ኖረ። በየቀጠሮው ይዘውት ይመጡ ነበር። ምስክሮቹም ያዩትን ተናገሩ። ልጁ ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱን በመፈጸም ላይ ነው። ስንቅ የሚያመላልሱት አባቱ ናቸው፤ ወርኃዊ መዋጮአቸውንም አላቋረጡም።

በጉባኤው የቀረበው ለመንግሥት የሚጻፍ ደብዳቤ አልተጻፈም። እንዲጻፍ የሚፈልጉ አባሎች አሁንም አሉ፤ በዘንድሮው ጉባኤ ሊያነሡት ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። ከባድ የአካል ጉዳትን በሚመለከት መስመሩ ከአሥራ አምስት ዓመት ዝቅ ይበል የሚለውን አሳብ ከመካከላችን የምንደግፍም አለን፤ ዳኛው እንዲያመዛዝን እስከተተወ ድረስ። እስከዚያው ግን ኮሚቴው ለመተዳደሪያ ደንባችን አንድ ተጨማሪ አንቀጽ አዘጋጅቷል። ዕድሩ እንደ ማኅበር ለማንም ዋስ አይሆንም። አባል በግሉ ዋስ መሆን ይችላል። ሆኖም ተጠርጣሪውና ተበዳዩ ሁለቱም የዕድሩ ቤተሰብ ከሆኑ ዋስ የሚሆነው አባል አስቀድሞ ለሽማግሌዎች ያሳውቃል፤ ልጁ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚጠብቀውም ይናገራል። ማስፈራራት የሰማ አባል ደግሞ ለሽማግሌዎች ሳይሆን በቀጥታ ለሕግ እንዲናገር፣ ሲሄድም ሁለት አባሎች እንዲያጅቡት ይላል። ረቂቁ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል፤ አንብባችሁ ኑ።

እናታችን ዕድሩን አልለቀቁም። በየለቅሶው ይመጣሉ፤ እንጀራቸውንም እንደ ወትሮው ያመጣሉ። የልጁ አባት በተቀመጡበት በኩል ግን አይቀመጡም፤ ድንኳኑ ሲተከል ከወደ ጎን ያለችው ወንበር የሳቸው እንደሆነች ልጆቹ ሁሉ አውቀዋል፤ ሳይነገራቸው ያስቀምጡላቸዋል።